ስማርት ስልክ ሲገዙ፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውና ያልተጻፈው

“በዚህ ብር የትኛው ስልክ ይሻለኛል?” የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሳ ነው። ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል፣ ራሙ ስንት ጂቢ እንደሆነ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሲወደድ ስልክም አብሮ ተወዷል፤ ዛሬ መካከለኛ የሚባለው ስልክ እንኳ ለብዙ ቤተሰብ የወራት ቁጠባ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት በሁለተኛ ዓመቱ የባንክ አፕ አልጭን የሚል ስልክ፣ ወይም ወንድም ከጂዳ ልኮት ሲም ማስገቢያ የሌለው ሆኖ የተገኘ አይፎን ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ስልኮችን በምን በምን ማወዳደር እንደሚሻል ያቀርባል። አንድ ሐሳብ ግን ከሁሉም ቀድሞ መያዝ አለበት፦ ከመልኩና ከካሜራው በፊት የምንገዛው የአገልግሎት ዘመኑን ነው። ስልኩ ለስንት ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል? በኔ ሲም ይሠራል? ሲበላሽ መለዋወጫ ይገኝለታል? ሦስቱም ሳጥኑ ላይ አይጻፉም።

ሦስት ሳጥን፣ አንድ ፕሮሰሰር

በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ ሦስት ስልኮችን ለምሳሌ እንውሰድ፦ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16፣ ሬድሚ ኖት 14 እና ኢንፊኒክስ ኖት 40። የሦስቱንም የ4ጂ ዓይነት ማለታችን ነው። ሦስቱም የሚሠሩት ሚዲያቴክ በሚያወጣው ሄሊዮ ጂ99 ፕሮሰሰር ነው። በሬድሚው ላይ “አልትራ”፣ በኢንፊኒክሱ ላይ ደግሞ “አልቲሜት” የሚል ስም ይቀጠልበታል እንጂ መሠረቱ ያው ነው፤ ሁለት ፈጣንና ስድስት ኃይል ቆጣቢ ኮሮች ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣና 5ጂ የማይቀበል። በኋላ የመጣው ሄሊዮ ጂ100 እንኳ ከእሱ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ሻጩ ከሦስቱ አንዱን አንስቶ “ይሄኛው በጣም ፈጣን ነው” ካለዎት፣ ራማቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ልዩነቱን በእጅዎ ይዘው የሚለዩት ዓይነት አይደለም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የሬድሚውና የኢንፊኒክሱ ዋና ካሜራ 108 ሜጋፒክስል ሲል የሳምሰንጉ 50 ይላል። ቻርጅ አደራረጉ በሳምሰንጉ 25 ዋት፣ በሬድሚው 33፣ በኢንፊኒክሱ 45 ዋት ነው። ባትሪያቸው በሳምሰንጉና በኢንፊኒክሱ 5000 ሚሊአምፔር፣ በሬድሚው 5500 ነው። ስክሪኑ በሦስቱም አሞሌድ ቢሆንም የሳምሰንጉ በሰከንድ 90 ጊዜ፣ የሌሎቹ ሁለቱ 120 ጊዜ ይታደሳል። በዚያ ላይ ሳምሰንግ በብዙ አገር ቻርጀሩን ሳጥኑ ውስጥ አያደርግም፤ ለብቻ መግዛት ሊኖርብዎ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ተሸናፊው ሳምሰንግ ነው።

አሁን ሳጥኑ ላይ የሌለውን እንመልከት። ሳምሰንግ ለኤ16 ቃል የገባው 6 የአንድሮይድ ትውልድና የ6 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ነው። ስልኩ የወጣው በ2024 መጨረሻ ስለሆነ እስከ 2030 ገደማ ይዘልቃል ማለት ነው። ኢንፊኒክስ ለኖት 40 የገባው ቃል ደግሞ 2 የአንድሮይድ ትውልድና የ36 ወር የደህንነት ማሻሻያ ነው፤ ስልኩ በ2024 መጀመሪያ ስለወጣ በ2027 ያበቃል። የሬድሚውን በተመለከተ ሻዎሚ በድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ሞዴል የሚያወጣውን መረጃ ከመግዛት በፊት ማየት ነው። በዚህ በኩል ሲለካ ተሸናፊ የመሰለው ስልክ ረጅሙን መንገድ የሚሄድ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው ኤ16 ይግዛ ማለት አይደለም። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚኖርና ስልኩን በሁለት ዓመት የሚቀይር ነጋዴ 45 ዋት ቻርጅ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ኢንፊኒክስ፣ ቴክኖና አይቴል ትራንሽን የተባለ የአንድ የቻይና ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ ሦስቱንም ካርልኬር የተባለው የጥገና ማዕከላቸው ያስተናግዳል። ስክሪናቸውና ባትሪያቸው በየከተማው ጥገና ቤት ይገኛል። ለክፍለ ሀገር ነዋሪ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። የተሰበረ ስክሪኑን ለማስቀየር አዲስ አበባ ድረስ መላክ ያለበት ስልክ፣ ምንም ያህል ማሻሻያ ቢያገኝ፣ ያን ጊዜ የማይሠራ ዕቃ ነው።

ማሻሻያው ለምን ይጠቅማል?

“አፕዴት ዳታ ከመጨረስ በቀር ምን ያደርጋል?” የሚሉ ብዙ ናቸው። ማሻሻያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንድሮይዱን ትውልድ ይለውጣል፤ አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት ያመጣል፤ ያለሱም መኖር ይቻላል። ሁለተኛው የደህንነት ማሻሻያ ሲሆን ሌቦች የሚገቡበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ቴሌብር፣ ኤምፔሳና የባንክ አፖች ስልካችን ላይ ባሉበት ዘመን ስልኩ የገንዘብ ሳጥን ሆኗል፤ ቁልፉ የዛገ የገንዘብ ሳጥን ማን ይይዛል?

አፖቹም ራሳቸው አሮጌ ስልክን ይተዋሉ። ዋትሳፕ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች በሆኑ አይፎኖች ላይ አይሠራም። ስለዚህ አይፎን 5ኤስ፣ አይፎን 6 እና 6 ፕላስ ላይ ዋትሳፕ የለም። በገበያው ላይ “ንጹህ አይፎን” ተብሎ በርካሽ የሚቀርብ አይፎን 6 ካዩ፣ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለ 5ጂ አንድ ቃል። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ ለሙከራ የከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ አገልግሎቱ በትልልቅ ከተሞች ላይ ያተኮረ ነው። በገጠር ወይም በወረዳ ከተማ ለሚኖር ሰው ለ5ጂ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ወደ ራምና ወደ ስቶሬጅ ቢዞር ይሻላል።

“8+8” የሚለው ራም

በአሁኑ ወቅት ብዙ ገዢ የሚታለልበት ቁጥር ይህ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ “16ጂቢ ራም” ይላል፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል “8+8” ይላል። እውነተኛው ራም 8 ብቻ ነው። የቀረው 8 ከስቶሬጁ ተቆርሶ ለራም የሚውስ ቦታ ነው። ስቶሬጅ ከራም እጅግ የዘገየ ስለሆነ ይህ ውሰት ከበስተጀርባ የተከፈቱ አፖችን ቶሎ እንዳይዘጉ ጥቂት ይረዳል እንጂ ስልኩን አያፈጥንም። “4+4” የሚል ስልክ የ4ጂቢ ስልክ ነው፤ በዚያው ያወዳድሩት። “እውነተኛው ስንት ነው?” ብለው ሲጠይቁት ብዙ ሻጭ እውነቱን ይናገራል፤ ጥያቄውን የሚያነሳ ገዢ ነው ያነሰው።

ለስልክ ጥሪ፣ ለኢሞና ለዋትሳፕ ብቻ የሚጠቀም ሰው 4ጂቢ ይበቃዋል። ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ የባንክ አፕና ዩቲዩብ በአንድ ላይ የሚከፍት ሰው ከ6ጂቢ ባይወርድ ይመረጣል።

ስቶሬጅን በተመለከተ 64ጂቢ የሚል ስልክ ሲገዙ ሲስተሙ ራሱ ሩቡን ያህል ይወስድበታል። ቴሌግራም የከፈቱትን ቪዲዮ ሁሉ ያስቀምጣል። ሙሉ የቁርኣን ድምፅ ለመጫን ያሰበ ሰውም ስሌቱን ቢያውቅ መልካም ነው፦ 30 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የቂርኣት ቅጂ በ128 ኪሎቢት ጥራት 1.7 ጂቢ አካባቢ ይይዛል፤ በ64 ኪሎቢት ግማሹን። የሁለት ሦስት ቃሪኦችን ሙሉ ቅጂ፣ የኡስታዞችን ደርስና የቤተሰብ ፎቶ ሲደምሩ 64ጂቢ በአንድ ዓመት ይሞላል። 128ጂቢ መነሻ ይሁን። ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ካለው ደርሱንና ቂርኣቱን ወደ ካርዱ ማዛወር ይቻላል። ይሁንና ውድ የሆነ ሁሉ ካርድ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ጋላክሲ ኤ16 ካርድ ሲቀበል በዋጋ የሚበልጡት ኤ36 እና ኤ56 አይቀበሉም። አይፎንም መቼም ተቀብሎ አያውቅም።

ካሜራ

ብዙ አንናገርም። 108 ሜጋፒክስል የሚል ካሜራ እንደወትሮው ሲያነሱበት ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አዋህዶ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሰጣል፤ 50 የሚለውም አራት አራቱን አዋህዶ 12.5 ይሰጣል። ውጤቱን የሚወስነው የሌንሱና የሶፍትዌሩ ጥራት ነው። “ሦስት ካሜራ” ከሚባሉት ውስጥ 2 ሜጋፒክስል የሆኑት ለጌጥ ናቸው። ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልገው የሰው ፊት ያንሱበት፤ የፊቱንም ካሜራ ይሞክሩ። ልጆቿ ዓረብ አገር ላሉ እናት በኢሞ የምትታየው በፊት ካሜራው ነው፤ የኋላውን በዓመት ሁለቴ፣ ለዒድ ታነሳበት ይሆናል።

ባትሪ

5000 ሚሊአምፔር የተለመደ ሆኗል፤ በዚህ ብዙ መወዳደር አያስፈልግም። የሚለየው ቻርጅ የሚያደርግበት ፍጥነት ነው። መብራት ለአንድ ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ቀን በ10 ዋትና በ33 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቀን የመሥራትና ያለመሥራት ልዩነት ነው።

ከስልኩ ጋር ፓወርባንክ የሚገዙ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ 10,000 የሚል ፓወርባንክ የ5000 ስልክን ሁለት ጊዜ አይሞላም። በውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ሲሆን የሚያወጣው 5 ቮልት ነው፤ ሲለወጥ የሚባክነው ሲታሰብ አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። 20,000 ብለው የሚሸጡ ክብደታቸው እንደ ላባ የቀለለ ፓወርባንኮችን አለመግዛት ነው።

ቀስቱ የማይዞር የቂብላ አፕ

የቂብላ አፕ ጭነው ቀስቱ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም ስልኩን ባዞሩ ቁጥር አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአፑ አይደለም። ስልኩ ኮምፓስ ስለሌለው ነው። ጂፒኤስ የት እንዳሉ ያውቃል እንጂ ወዴት እንደዞሩ አያውቅም፤ አቅጣጫን የሚለየው ማግኔቶሜትር የተባለ ትንሽ የመግነጢስ መለኪያ ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ ከሚቀሩት አንዱ እሱ ነው። ይህም ሳጥኑ ላይ አይጻፍም።

ሱቁ ውስጥ ሆኖ ማረጋገጥ ቀላል ነው። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ *#0*# ሲደውሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ “ሴንሰር” የሚለውን ሲነኩ የመግነጢሱ መለኪያ ቁጥር ሲቀያየር ያሳያል። በሬድሚና በሻዎሚ ደግሞ *#*#6484#*#* ነው። በሌሎቹ ላይ ማንኛውንም የኮምፓስ አፕ ጭኖ ማየት ነው።

ቀስቱ ሲዞር ማየት ብቻ ግን አይበቃም፤ ትክክል መጠቆሙን ያረጋግጡ። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከደሴ ቀጥታ ሰሜን ማለት ይቻላል። ከጅማ ከሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ ደግሞ ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ከሆነና ፊትዎን ወደ ሰሜን ካዞሩ ፀሐይ በቀኝዎ መሆን አለባት። አዲስ አበባ ላይ ቆመው ቀስቱ ፀሐይ ወደምትወጣበት የሚጠቁም ከሆነ አንድ ችግር አለ። መጀመሪያ ማግኔት ያለውን ከቨር ያውልቁ፣ ከብረት መደርደሪያና ከድምፅ ማጉያ ይራቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥርን ቅርፅ እየሠሩ ጥቂት ያወዛውዙት። ከዚህም በኋላ ካልተስተካከለ መለኪያው ወይ የለም ወይ ተበላሽቷል።

የአዛን ማንቂያም የራሱ ጣጣ አለው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሬድሚ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከበስተጀርባ ያለውን አፕ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ የፈጅር አዛን አንድ ቀን ይጮህና በማግስቱ ዝም ይላል። ስልኩን ከመክሰስ በፊት ሴቲንግ ውስጥ የአፑን ስም ፈልገው የባትሪ አጠቃቀሙን ያለ ገደብ ያድርጉት፤ በራሱ እንዲነሳም ይፍቀዱለት።

እዚህ ላይ የአንድሮይዱ ትውልድ ዳግም ይመጣል። የሶላት ሰዓት አፕ ያለንበትን ቦታ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና ምንጭ፣ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ሙስሊም ፕሮ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ኩባንያ እንደሚያስተላልፍ፣ ኤክስ-ሞድ ደግሞ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ተቋራጮች እንደሚሸጥ ዘገበ። የአፑ ባለቤቶች ከዘገባው በኋላ ግንኙነቱን ማቋረጣቸውን አስታውቀዋል። ጉዳዩ ግን በአንድ አፕ የሚያልቅ አይደለም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አፑ ቦታዎን እንዲያውቅ “ስጠቀምበት ብቻ” ብለው መፍቀድ ይችላሉ፤ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ ትክክለኛውን ቦታ ሳይሆን ግምቱን ብቻ መስጠት ይቻላል። በአይፎን ይህ የመጣው ከአይኦኤስ 14 ጋር ነው። ለሶላት ሰዓት የሰፈርዎ ግምት ይበቃል፤ የበርዎ ቁጥር አያስፈልገውም። አንድሮይድ 9 ያለው አሮጌ ስልክ ግን ይህን ምርጫ አይሰጥዎትም።

ከውጭ የሚላክ ስልክ

ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ዘመድ “ስልክ ልላክልህ?” ሲል መልሱ “አዎ” ብቻ ሊሆን አይገባም። በአሜሪካ የተሸጡ አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። በአይፎን 17 ይህ ወደ ሳዑዲ፣ ኢማራት፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባሕሬንና ኦማንም ደርሷል። እዚያ የተገዛ አይፎን 17 ካርድ አይቀበልም። አይፎን ኤር የተባለው ቀጭኑ ደግሞ በየትም አገር ቢገዛ እንዲሁ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ይሰጣል። ችግሩ ዕለታዊ ኑሮው ላይ ነው። የካርድ ስልክ ቢበላሽ ሲሙን አውጥቶ የወንድም ስልክ ላይ ከትቶ ቴሌብርን መክፈት ይቻላል፤ ኢሲም ሲሆን ስልክ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ማዛወር ወይም ማውጣት ይጠይቃል፤ ይህም አገልግሎት ማዕከል ሊያስኬድ ይችላል። ማዕከሉ ሩቅ ለሆነበት ሰው ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ለሚልከው ዘመድ የሚነገረው “ሲም ካርድ የሚቀበል፣ ያልተቆለፈ” የሚል ቃል ነው።

መቆለፉ ሁለተኛው ነገር ነው። በአሜሪካ በየወሩ እየተከፈለባቸው የሚወሰዱ ስልኮች ብዙ ጊዜ ዕዳቸው እስኪያልቅ ድረስ ለሸጣቸው የቴሌኮም ድርጅት የተቆለፉ ናቸው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ጄኔራል፣ ቀጥሎ አባውት ውስጥ “ካሪየር ሎክ” የሚለው አጠገብ “ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ” ማለት አለበት። ሲሙ ሥር በሚቀመጥ ስስ ቺፕ የሚሠራ አይፎን ከቀረበልዎት ዋጋው ቢማርክም ይተዉት፤ አንድ ማሻሻያ ሲጫን ኔትዎርኩ ሊጠፋ ይችላል። የሁዋዌ አድናቂዎችም ከ2019 ወዲህ የወጡት ሞዴሎች የጎግል አገልግሎት ሳይኖራቸው እንደሚሸጡ ያስታውሱ።

ያገለገለ ስልክ

ያገለገለ ባንዲራ ስልክ ወይስ አዲስ መካከለኛ? ብዙዎቻችን ልባችን ወደ መጀመሪያው ያደላል። ስክሪኑም ካሜራውም በእርግጥ ይበልጣል። ነገር ግን ዓመቱን ይቁጠሩ። ጋላክሲ ኤስ21 የወጣው በ2021 መጀመሪያ ሲሆን የተሰጠው የደህንነት ማሻሻያ የ5 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2026 ብቻ ነው። ከእሱ በዋጋ የማይርቀው አዲስ ኤ16 አራት ዓመት ይቀድመዋል። ያገለገለ ኤስ24 ግን ሌላ ነው፤ ሳምሰንግ ከኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ይሰጣል።

በአይፎን በኩል 8 እና ኤክስ በአይኦኤስ 16 ቆመዋል፤ ኤክስአርና ኤክስኤስ በአይኦኤስ 18። በ2025 የወጣው አይኦኤስ 26 የሚጫነው ከአይፎን 11 ጀምሮ ነው። 11 እና 12 መነሻቸው 64ጂቢ ሲሆን 13 ከ128 ይጀምራል። ካርድ ለማይቀበል ስልክ ይህ ልዩነት ከካሜራው ይበልጣል፤ በእኔ ግምት ያገለገለ አይፎን የሚገዛ ሰው ከ13 ባይወርድ ይሻለዋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው ይመልከቱ፤ ከ80 በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ይቀንሱ። አባውት ውስጥ “ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ” የሚል ከመጣ ተከፍቶ የተጠገነ ነው፤ ከ11 ጀምሮ ስክሪኑ ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑን እዚያ ይናገራል። *#06# ደውለው የሚወጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር ከሳጥኑ ጋር አንድ ይሁን። ከሁሉም በላይ ሻጩ ፊትዎ ሆኖ አካውንቱን አውጥቶ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ያጥፋውና እንደ አዲስ አስነስተው ያስጀምሩት። የሌላ ሰው አይክላውድ ወይም የጎግል አካውንት ከጠየቀ ስልኩ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ባለቤቱ አላስረከበውም። በሁለቱም ሁኔታ የእርስዎ አይሆንም፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ደግሞ በሕግም በሸሪዓም ያስጠይቃል።

በዱቤ ሲገዙ

በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ስልክ እየበዛ ነው። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ጠቅላላ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተቆርጦ ይታወቃል? ክፍያው ቢዘገይ ዕዳው ያድጋል? ሙራባሓ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልዎታል፤ ዋጋው ከተስማሙ በኋላ አይጨምርም። በወለድ የሚሰጥ ብድር ግን “የአገልግሎት ክፍያ” ተብሎ ስሙ ቢቀየርም ያው ብድር ነው። ውሉን ይዘው የሚያምኑበትን ዓሊም ወይም የባንኩን የሸሪዓ አማካሪ ያነጋግሩ።

ለማን ምን?

ከዘመድ ጋር በኢሞ ለምትነጋገር እናት ፊደሉ ጎላ የሚልላት ሰፊ ስክሪን፣ 4ጂቢ እውነተኛ ራም፣ ድምፁ ከፍ ያለና በሰፈሯ ጥገና ቤት የሚታወቅ ስልክ ይበቃታል፤ የተረፈው ብር ለዳታ ይሁን። ለተማሪ ረጅም ማሻሻያ ያለውና ካርድ የሚቀበል ይመረጣል፤ ኤ16 ወይም ተከታዩ ኤ17 እዚህ ይገባሉ። ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ለሚሸጥ ነጋዴ 8ጂቢ ራምና ፈጣን ቻርጅ ይቀድማል፤ የሬድሚ ኖትና የኢንፊኒክስ ኖት መስመር ለእሱ ይስማማል። ቪዲዮ እየቀረጸ የሚኖር ሰው አይፎን 13 እና ከዚያ በላይ ወይም ኤስ24 ቢፈልግ አይፈረድበትም።

የትኛውንም ቢመርጡ ከሱቁ ሳይወጡ የራስዎን ሲም ከትተው ይደውሉ፣ በዳታ አንድ ገጽ ይክፈቱ፣ ለአምስት ደቂቃ ቻርጅ ላይ ሰክተው መጋሉን ይመልከቱ። ደረሰኙ ላይ የአይኤምኢአይ ቁጥሩና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንስተው በሌላ ስልክ ላይ ያስቀምጡት።